የበድሩ ስብ ስንት ነው?

ቆቦ ከተማ ውስጥ በድረዲንን የማያውቅ ቢኖር ጎማ ፈንድቶበት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። በዋናው አስፋልት ዳር የጎሚስታ ቤት ከከፈተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አጠር ብሎ ሞላ ያለ ሰው ነው፤ "ሞላ ያለ" ማለታችን ለጉርብትናው ብለን ነው። ሲስቅ ሆዱ ይቀድማል፣ ፊቱ ኋላ ይደርሳል። በሆዱ ግን አፍሮበት አያውቅም ነበር። "የጎሚስታ ሆድ ካልተነፋ፣ የሰው ጎማ ይነፋል ብሎ ማን ያምናል?" እያለ ይመታዋል፤ ሆዱም እንደ ከበሮ ይመልስለታል።

ይህን ኩራት የናደችው ፈሪሀ ናት። ፈሪሀ የጤና ትምህርቷን ጨርሳ የመጣች የሰፈር ልጅ ስትሆን፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን አንዲት ክፍል ተከራይታ ግፊትና ስኳር ትለካለች። ዘንድሮ ደግሞ አዲስ ሚዛን አስመጣች። ሚዛኑ እንደ ድሮው ኪሎ ተናግሮ ዝም የሚል አይደለም። ጫማ አውልቀው ሁለቱ ብረቶች ላይ በባዶ እግር ሲቆሙበት፣ ስብህ ከመቶ ይህን ያህል፣ ጡንቻህ ይህን ያህል፣ ውሃህ ይህን ያህል ብሎ የሰውን ገበና በቁጥር ይዘረግፋል።

በድረዲንም አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ፣ ግራሶና አቧራ የጠጣ እግሩን ከሸበጡ አውጥቶ ለሳቅ ያህል ወጣበት። ሚዛኑ ትንሽ አሰበና ስብ፣ ሠላሳ ስምንት ከመቶ አለው። በድረዲን እስኪያስለው ሳቀ። እዚያው ስቆ ቢቀር ኖሮ ምንም ባልመጣ። እሱ ግን ቀልዱን ይዞ ቤቱ ገባ።

ሚስቱ መይሙና ቅቤ ነጋዴ ናት። ከዞብል በኩል የሚወርደውን ለጋ ቅቤ እየተቀበለች ገበያ ትሸጣለች። ራሷ ግን ቀጭን ናት፤ ያን ሁሉ ቅቤ ስታገላብጥ አንዲት ጠብታ የተጠጋቻት አትመስልም። በገበያው የተመሰከረላት በሚዛኗ ነው። እጇ ሚዛን ላይ ሲያርፍ ታይቶ አያውቅም።

"ስንት አልከኝ?" አለችው።

"ሠላሳ ስምንት። ከመቶ እኮ ነው፤ ፈተና ቢሆን ወድቄያለሁ።"

መይሙና አልሳቀችም። "እንግዲያሳ አልጋዬ ላይ ከሚተኛው ሰውዬ ከሲሶ በላዩ ስብ ነዋ?"

"ኧረ አቦ! ማሽን ነው፤ ምን ያውቃል?"

"ሚዛን አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሚዛን ያዡ ነው። ፈሪሀን ደግሞ አውቃታለሁ፤ አትዋሽም።"

ነገሩ ወዲህ ነው። አምና የመይሙና ታላቅ ወንድም ጎብዬ ላይ ሰርግ በልቶ ከማዕድ ሲነሳ ግማሽ ጎኑ ከዳው። ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። እሱም እንደ በድረዲን ሞላ ያለና ሳቂታ ነበረ። መይሙና ይህን አላነሳችም፤ ተነስታ የቅቤውን ቅል ወደ ጓዳ ወሰደችና የጓዳውን ቁልፍ መቀነቷ ላይ ቋጠረችው። በድረዲን ቋጠሮውን ሲያይ ሳቁን ዋጠ።

ዐረፋ አንድ ወር ገደማ ቀርቶት ነበር። ግቢው ውስጥ የታሰረው ሙክት ላቱ ከኋላው እንደ ትራስ እየተወዛወዘ ይሰባል። በድረዲን ጠዋት ሲወጣ "ሰላም አለይኩም" የሚለው መጀመሪያ ለላቱ ነው ይባላል። መይሙናም የባሏን ድካም ታውቃለችና በዚያው መጣች።

"ስማኝ በድሩ። ለዐረፋ ከሠላሳ በታች ካልወረድክ ላቱን አትቀምሳትም።"

"ከወረድኩስ?"

"ከወረድክማ ሙሉዋን ያንተ። እኔው ጠብሼ አቀርብልሃለሁ።"

ምስክር ተፈለገ። የተጠራው ግድግዳ የሚጋራቸው ባጃጅ ነጂው እሸቴ ነው። ጎረቤትነቱ ብቻ አይደለም፤ እሸቴ ክርስቲያን ስለሆነ የእስላም ሥጋ አይበላም። ላቱ ወዴት ቢሄድ የሱ አፍ አይደርስም። በዚህ አገር ከዚህ የበለጠ የማያዳላ ዳኛ ከየት ይመጣል?

"ማርያምን፣ ጉድ ነው!" አለ እሸቴ። "የማልበላውን ላት ዘበኛ ልሆን?"

"ለዚህ ነው የታመንከው" አለችው መይሙና።

ከዚያ በኋላ በድረዲን ሱብሂ ሰግዶ ወደ ሮቢት በሚወስደው አስፋልት ዳር መሮጥ ጀመረ። መሮጥ እንበለው። ፀሐይ በዞብል ተራራ ላይ ብቅ ስትል እሱ ገና ከከተማው ጫፍ አልወጣም፤ የግንቦት ሙቀት ደግሞ ቆቦን እንደምታውቁት ነው፣ ጠዋት ነው ብሎ አያዝንም። የሚኒባስ ረዳቶች በመስኮት እየወጡ "ሮቢት አንድ ሰው! አባባ ይግቡ፣ ለምን ይሰቃያሉ!" ይሉታል። ማሽላ እርሻዋን ልታይ የወጣች አንዲት አሮጊት ደግሞ መንገድ ላይ አቁማው፣ "ልጄ፣ ማንን ገድለህ ነው? ወዲህ ና ልደብቅህ" አለችው። በድረዲን ትንፋሽ አጥሮት መመለስ አልቻለም፤ እጁን በላቱ ቅርጽ አድርጎ በአየር ላይ አሳያት። አሮጊቷ ምን እንደገባት እንጃ፣ "አላህ ይማርህ" ብላ አሳለፈችው።

ቤት ሲገባ የሚጠብቀው የሽሮ ወጥ ነው፤ ዘይቱ ከላይ እንደ እንባ ጠብ ያለበት። ሻዩ ያለ ስኳር። ሰውየው አጉረመረመ እንጂ አልሰረቀም። ይህን በልቡ ይኮራበት ነበር፤ ደንበኞቹ ቁርጥ ሲጋብዙት እንኳ "ነዝር አለብኝ፣ ስለት ነው" ብሎ እጁን ይሰበስባል።

እግሩ ግን አልቻለም። በሸበጥ ሲሮጥ ተረከዙ እንደ ክረምት ያጣ መሬት ተሰነጣጠቀ፤ ደምም ቋጠረ። ይህን ጊዜ መይሙና ጓዳዋን ከፈተች። ማታ ማታ፣ ጠዋትም ከሩጫ ሲመለስ፣ እግሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተረከዙንና ውስጥ እግሩን በለጋ ቅቤ ታሸዋለች። ለአፉ የከለከለችውን ለእግሩ ፈቀደች። አንድ ማታ በድረዲን ተረከዙን የሚያክ መስሎ ጣቱን ወደ አፉ ሊወስድ ሲል እጁን በጥፊ አለችው።

"ይሄ መድኃኒት ነው!"

"እኔ እኮ መድኃኒቱን ልዋጠው ብዬ ነው።"

ይህ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ቀን፣ በድረዲን ጎሚስታ ቤቱ ጓሮ የእጁንና የእግሩን እድፍ በሳሙና ፈትጎ፣ ለጁምዓ ውዱእ አድርጎ፣ እግሩ ገና ሳይደርቅ ወደ መስጊድ ሲሄድ በፈሪሀ ደጅ አለፈ። ወረፋ የለም። "እስቲ አንዴ" ብሎ ወጣ። ሚዛኑ ሃያ ዘጠኝ አለ።

"ማሻአላህ ጋሼ በድሩ!" አለች ፈሪሀ።

የዚያን ዕለት መስጊድ ውስጥ እንደ በድረዲን ያመሰገነ ሰው የለም። ሰግዶ ሲወጣ ያገኘውን ሁሉ "ሃያ ዘጠኝ!" ይላል፤ የመኪና ታርጋ ቁጥር ነው ብለው "ማን ጠፍቶበት ነው?" ያሉም ነበሩ። መይሙናም ደስ አላት፤ ደስታዋን ግን በቅቤ ነጋዴ ልክ ነው የገለጸችው። "ደግ ነው። ስምምነቱ ግን ለዐረፋ ነው፤ እንዳትዘናጋ።"

አልተዘናጋም። እንዲያውም ሩጫውን ጨመረ። ዐረፋ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ጠዋት ከሩጫ መልስ፣ መይሙና እግሩን አሽታለት እንዳበቃች፣ ቀጥ ብሎ ፈሪሀ ዘንድ ሄደና በኩራት ወጣ።

ሚዛኑ አርባ አለ።

በድረዲን ወርዶ እንደገና ወጣ። አርባ። ጎማ ሲተነፍስ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ከአፉ ወጣ።

መደበቅ ይችል ነበር፤ መዋሸት ስለማይሆንለት ቤቱ ሄዶ ነገራት። መይሙና የምትመዝነውን ቅቤ አስቀመጠች።

"ጎብዬ ሄደህ ነበር።"

"የጭነት መኪና ጎማ ልቀይር ነው የሄድኩት።"

"ምሳ የት በላህ?"

"ሻይ ጠጣሁ። ያውም ያለ ስኳር፣ ወላሂ።"

"ሃያ ዘጠኝ የነበረ ሰው በሻይ አርባ ይገባል?" መቀነቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ነካች። "ወንድሜም እንዲህ ነበር የሚለኝ። 'ምንም አልበላሁም መይሙ' እያለ።"

ከተጋቡ ጀምሮ መይሙና ብዙ ነገር ብላዋለች፤ ሰነፍ ብላዋለች፣ ለፍላፊ ብላዋለች፣ አንድ ጊዜም በርሜል ብላዋለች። ውሸታም ግን ብላው አታውቅም።

"ላቱን ተይው" አላት በድረዲን። "ላቱን ለፈለግሽው ስጪ፤ ለድመትም ስጪ። ግን ሰርቆ በላ አትበይኝ። ነገ አብረሽኝ ሂጂና በዓይንሽ እይ።"

ያን ሌሊት ጀርባና ጀርባ ሆነው አደሩ። ጠዋት ግን፣ ኩርፊያው እንዳለ ሆኖ፣ መይሙና እግሩን ጭኗ ላይ ስባ ቅቤዋን ቀባችው። አኩርፋም ቢሆን የተረከዙ ደም አላስቻላትም። ከዚያ በእሸቴ ባጃጅ ሄዱ፤ ባልና ሚስት ከኋላ ወንበር አንዱ በዚህ መስኮት፣ አንዷ በዚያ መስኮት እያዩ። እሸቴ በመስታወቱ አያቸውና ለቀልድ አፉን አሟሽቶ ተወው።

ፈሪሀ ዘንድ በድረዲን ወጣ። ሠላሳ ዘጠኝ።

"አያችሁት?" አለች መይሙና ለማንም ሳይሆን።

"ማሽኑ ላይ ሳይሆን አይቀርም ነገሩ" አለ እሸቴ። "እስቲ እትዬ መይሙና፣ አንቱ ይውጡበት። በርስዎ ላይ ስብ አለ ካለ እኔ ባጃጄን እሸጣለሁ።"

ፈሪሀ የመይሙናን ቁመትና ዕድሜ አስገባችና "ጫማዎን አውልቀው ይውጡ" አለቻት። መይሙና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች። ሚዛኑ አሰበ፣ አሰበ፣ ሠላሳ ስድስት አለ።

እሸቴ ቀስ ብሎ ወደ ባጃጁ በር አፈገፈገ።

"ማነው ሠላሳ ስድስት?" አለች መይሙና ዞር ብላ ከኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ ይመስል። "እኔ? ንፋስ በበረታ ቀን ሰው የሚይዘኝ ሴትዮ? ስቡ የት ነው ያለው፣ ጆሮዬ ውስጥ ነው?"

"በል ባጃጅህን ሽጥ" አለ በድረዲን፤ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያው ቀልዱ ነው።

ፈሪሀ ግን አልሳቀችም። ግንባሯን ቋጥራ ወደ ሚዛኑ ጎንበስ አለች። ብረቱ ላይ ሁለት ሰፋፊ የእግር ቅርጾች ያብረቀርቃሉ። በጣቷ ነካችው፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

"ጋሼ በድሩ፣ እግርዎ ላይ ምንድን ነው ያለው?"

በድረዲን ሚስቱን አየ። መይሙና መሬት መሬት አየች።

"ቅቤ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ተረከዙ ተሰንጥቆበት… እኔ ነኝ የቀባሁት።"

"ሁልጊዜ?"

"ጠዋትና ማታ።"

ፈሪሀ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድ ነገሩን እንዲህ ብላ አስረዳቻቸው። ሚዛኑ ኪሎን በትክክል ይመዝናል። ስብን ግን አያየውም፤ ይገምታል። በአንዱ እግር የማይሰማ ትንሽ ኮረንቲ ይልካል፣ በሌላው ይቀበላል። ውሃና ጡንቻ ኮረንቲውን ያሳልፉታል፣ ስብ ያስቸግረዋል። መንገዱ ከከበደው "ኦ፣ እዚህ ሰውዬ ላይ ብዙ ስብ አለ" ብሎ ከቁመቱና ከዕድሜው ጋር አስልቶ ቁጥር ይናገራል። ውስጥ እግር ላይ ቅቤ ከተቀባ ኮረንቲው ገና ከበሩ ነው የሚከለከለው።

"ስለዚህ የቆጠረው የኔን ቅቤ ነው?" አለች መይሙና።

"የርስዎን ቅቤ ነው። አንቱም ሲወጡ ረግጠውት ነው እንጂ ስብ የለብዎትም።"

"አልሀምዱሊላህ! ሰረቅኩ የተባልኩት በራሷ ቅቤ ነዋ!" አለ በድረዲን።

ፈሪሀ ውሃና ሳሙና አመጣች፤ ሚዛኑን ወለወለች፣ እግራቸውን አስታጥባ በፎጣ አደረቀች። መይሙና ሃያ አራት ሆና ወረደች፤ ቀና ብላም ባጃጁ በር ላይ ያለውን እሸቴን አየችው። በድረዲን ሠላሳ ሁለት ሆነ።

"ዓርብ ዕለት ሃያ ዘጠኝ ነበርኩ እኮ!" አለ።

"ዓርብ እንዴት ሆነው ነበር የመጡት?"

"ውዱእ አድርጌ። እግሬ አልደረቀም ነበር።"

"በሉ እግርዎን አርጥበው ይውጡ።" ወጣ። ሃያ ዘጠኝ ከምናምን። "አዩ? እርጥበቱ ለኮረንቲው መንገድ ጠረገለት። መጀመሪያ ቀንማ በግራሶ እግር ነው የመጡት፤ ያኔ ስንት እንደነበሩ እኔም አላውቅም፣ ማሽኑም አያውቅ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሰው ሁሉ እግሩን ታጥቦ አድርቆ ይውጣ ማለት ነበረብኝ። ታጥበውም ቢሆን ሦስት አራት ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል፤ ሲጠጡ፣ ሲልብዎት፣ ሲበሉ ይለዋወጣል። ቁጥሩን እንደ ቁርዓን አይያዙት። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት እግር ተለክቶ፣ እየወረደ ነው እየወጣ ነው የሚለውን ነው ማየት።"

"እኔ ሚዛን መስሎኝ" አለች መይሙና ተክዛ። "ለካ ገማች ነው። እኔ ቅቤዬን በግምት ብሸጥ ማን ይገዛኛል?"

"ኪሎው ግን ሚዛን ነው እትዬ። አምስት ኪሎ ጥሏል።" ፈሪሀ በሜትር ወገቡን ለካች፣ ግፊቱንም ለካች፤ ግፊቱ መጀመሪያ ቀን ከለካችለት ረገብ ብሏል። ይህን ስትሰማ መይሙና አንድ ወር ሙሉ ይዛው የከረመችውን ትንፋሽ ለቀቀችው።

ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ ሁለቱም መስኮት መስኮቱን ያያሉ። መናኸሪያው ጋ ሲደርሱ መይሙና ሳትዞር፣

"የጎብዬው ሻይ ያለ ስኳር እንዴት ነበር?" አለችው።

"መራራ።"

"አፉ በለኝ በድሩ።"

"አፉ ብያለሁ" አላትና ጠጋ አለ። ጠጋ ሲል ባጃጁ ወደሷ ጎን አጋደለ።

"ኧረ ቀስ!" አለ እሸቴ ከፊት። "አምስት ኪሎ ጣለ የተባለው ሰውዬ ባጃጄን ሊገለብጠው ነው!"

ዐረፋ ደረሰ። ሰላቱ ተሰገደ፣ ሙክቱ ታረደ። የላቱ ነገር ግን አልለየለትም ነበር። በድረዲን "በውዱእ እግሬ ሃያ ዘጠኝ ነኝ፤ ላቷ የኔ ናት" ይላል። መይሙና "በደረቅ እግርህ ሠላሳ ሁለት ነህ፤ አትነካትም" ትላለች። እሸቴ እንኳን አደረሳችሁ ሊል ሲመጣ፣ ለሱ ተለይቶ የተዘጋጀውን ዳቦና ማር ከፊቱ አስቀምጠው ፍርድ አሉት።

እሸቴ ዳቦውን በማር እያጠቀሰ ብዙ አሰበ። ማሩ እስኪያልቅ ነው ያሰበው ብንል አይቀየመንም።

"ማሽኑ ራሱ ከሠላሳ በላይም ነህ፣ በታችም ነህ ካለ" አለ፣ "እኔ ከማሽን አልበልጥም። ላቱ ትከፈል። ግማሿ ለበድሩ፣ ግማሿ ለቤት።"

በድረዲን ለፍርዱ ቃል አላባከነም። የተጠበሰው ላት እየተንጫጫ ሲቀርብለት ቢስሚላህ ብሎ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። ሁለተኛዋን ዓይኑን ገልጦ በላ። ሦስተኛዋ ላይ አኝኮ አኝኮ ቆመ። አንድ ወር ሽሮ የለመደ ሆዱ "ይሄ ደግሞ ማነው?" አለው። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ሳህኑን አየ፤ ገና ብዙ አለ። ሚስቱን አየ፤ እሷ ደግሞ እሱን እያየች ነው።

"ምነው ደከምክ?"

"እኔ? ኧረ እንዲያውም አልጀመርኩም" አለና ትልቁን ቁራጭ በእንጀራ ጠቀለለ። ጠቅልሎም ወደ አፉ አልወሰደውም። "አንቺን ረስቼ ነው። ነይ ጉርሻ። በዒድ ቀን እጄን አትመልሺ።"

የዒድ ጉርሻ አይመለስም። መይሙና ጎረሰች።

"አንድ ያጣላል" አለ በድረዲንና ሁለተኛውን ጠቀለለ፤ ከመጀመሪያው ይበልጣል። እሷ እጇን ብታወዛውዝም አፏ ሙሉ ነበርና ቃል አልወጣትም። ሦስተኛውም ተከተለ። ንፋስ የሚወስዳት ሴትዮ ጉንጮቿ እንደ ባሏ ጎማ ተነፉ፤ የላቱ ቅባት አገጯ ላይ ወረደ። እሸቴ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። መይሙና መናገር ቢያቅታት በጣቷ መጀመሪያ ባሏን፣ ቀጥሎ ራሷን፣ ከዚያ በግቢው በር በኩል አስፋልቱን ጠቆመች።

"ምን እያለች ነው?" አለ በድረዲን።

"ከነገ ጀምሮ ወደ ሮቢት የምትሮጡት ሁለታችሁም ናችሁ እያለች ነው" አለ እሸቴ።

መይሙና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ እያኘከች።